«ኦርጅናል ነው?»፦ የአሮጌ ጊታሮች ታሪክና የእኔ ኑዛዜ

መርካቶ ገብቶ «ኦርጅናል ነው?» ብሎ ጠይቆ የማያውቅ እስቲ እጁን ያውጣ። ማንም የለም አይደል? ጫማም ይሁን ቻርጀር የመጀመሪያው ጥያቄያችን እሱ ነው። ሻጩም መልሱን አፉ ላይ ይዞ ነው የሚጠብቀን፤ «እህቴ፣ ኦርጅናል ነው፣ ካልሆነ መልሺው!» ከዚያ የቃሉ ደረጃዎች ይከተላሉ፤ «ኦርጅናል»፣ «ኦርጅናል ኮፒ»፣ «አንደኛ ደረጃ»... እኔ በበኩሌ ቃሉን ዕድሜ ልኬን ስጠቀምበት «አስመስሎ ያልተሠራ» ማለት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሌላም ትርጉም እንዳለው ያስተማረኝ ጊታር ነው። ትምህርቱ የገባኝ ግን አንድ ጥፋት ካጠፋሁ በኋላ ነው። ጥፋቴን መጨረሻ ላይ እናዘዛለሁ፤ መጀመሪያ ታሪኩን ላውጋችሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ካላማዙ በምትባል ከተማ ነው። (ዓመቶቹ፣ ሌላ ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የጊብሰን ኩባንያ የጊታር ፋብሪካ እዚያ ነበር። በዚያን ዘመን ኤሌክትሪክ ጊታር ማለት ሆዱ ባዶ የሆነ ጊታር ላይ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ፒክአፕ መግጠም ነበር። ችግሩ ድምፁ ከፍ ሲደረግ ይመጣል። ባዶው ሆድ ከስፒከሩ የሚወጣውን ድምፅ መልሶ እየተቀበለ ይጮሃል። ሰርግ ላይ ማይኩ ስፒከሩ አጠገብ ሲደርስ ጆሮ የሚበሳውን ሲጥታ ታውቁት የለ? እሱ ነው።

ሌስ ፖል የተባለ ጊታር ተጫዋች በ1940 ገደማ ለዚህ መላ ዘየደ። ድፍን አራት ማዕዘን እንጨት ወስዶ ክርና ፒክአፕ ገጠመበት። ጊታር እንዲመስል ብሎ ግራና ቀኙ ላይ የሌላ ጊታር ጎን ለጠፈበት። ስሙንም «ግንዱ» አለው። ሐሳቡን ለጊብሰን ሰዎች ሲያቀርብላቸው ከመጥረጊያ እንጨት ጋር እያመሳሰሉ እንደሳቁበት ሌስ ፖል ራሱ ለዓመታት ሲያወራው ኖሯል።

ሳቁን ያስቆመው ሰው የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። ሊዮ ፌንደር የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ በ1950 ከድፍን እንጨት የተሠራ ጊታር ለገበያ አቀረበና ተሳካለት። (ሰውዬው ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ለማንኛውም ይህን ያዙልኝ።) ያን ጊዜ ጊብሰኖች ወደ ሌስ ፖል ተመለሱ። በ1952 በስሙ የተሰየመ፣ ፊቱ ወርቅማ ቀለም የተቀባ፣ ከማሆጋኒና ከሜፕል እንጨት የተሠራ ድፍን ጊታር አወጡ።

በ1957 በዚህ ጊታር ላይ አዲስ ፒክአፕ ተገጠመ። የሠራው ሴዝ ላቨር የተባለ የጊብሰን መሐንዲስ ነው። የቀድሞው ፒክአፕ አንድ የሽቦ ጥቅል ብቻ ስለነበረው ከአካባቢው የኤሌክትሪክ መስመር «እምምም» የሚል ድምፅ ይለቅም ነበር። ላቨር ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አድርጎ አንዱ የሌላውን ጉርምርምታ እንዲያጠፋ አደረገ። ኩባንያው ለፈጠራው የባለቤትነት መብት ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ስለነበር ፒክአፖቹ ሥር «የመብት ጥያቄ ቀርቧል» የሚል ትንሽ ጥቁር ወረቀት ይለጥፍ ነበር። ያቺ ብጣሽ ወረቀት ዛሬ ምን ያህል እንደምታወጣ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ስለዚህ አልነግራችሁም።

ቀጥሎ በ1958 ወርቅማው ቀለም ቀረና መሐሉ ቢጫ ሆኖ ወደ ጠርዙ እየቀላ የሚሄድ ቀለም መጣ። ሥሩ ያለው የሜፕል እንጨት ሞገዱ በግልጽ ይታያል። ሰብሳቢዎች ይህን ጊታር «በርስት» ይሉታል። ቃሉ በአማርኛ ሲጻፍ በርስት የተያዘ መሬት መምሰሉ ያስቀኛል። ነገር ግን ዋጋውም ከመሬት ብዙ አይርቅም። የቀዩ ቀለም ጉዳይ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ ብርሃን አይችልም ነበር። ሱቅ መስኮት ላይ የከረመው ጊታር ሎሚ መሰለ፤ ሌላው የሻይ ቀለም ያዘ፤ ሳጥኑ ውስጥ ተዘግቶ የኖረው ደግሞ ቅላቱን እንደጠበቀ ቀረ። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ዓመት የወጡ ጊታሮች እያንዳንዳቸው የኖሩበትን ቤት ፊታቸው ላይ ይዘው አረጁ።

የወቅቱ ዋጋው ከ250 ዶላር ብዙም አይርቅም። ታዲያ ገዢው ተሻማ? በፍጹም! ይከብዳል፣ ውድ ነው፣ ለወጣቱ ዓይን የፌንደሮቹ ቀጭንና ዘመናዊ ቅርፅ ይበልጥ ይማርካል። ጊብሰን ከሦስት ዓመት በኋላ ተስፋ ቆረጠና በ1961 ሁለት ቀንድ ባለው፣ ቀጭን በሆነ ሌላ ጊታር ተካው። እስከ 1960 የተሠሩት በርስቶች ወደ 1,500 ገደማ ብቻ ናቸው። ከዚያም ያነሱ አሉ። በ1958 ጊብሰን የ«ቪ» ፊደል ቅርፅ ያለው ጊታር አውጥቶ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከፋብሪካ የወጣው መቶ አልሞላም። ዛሬ ሰው ሀብቱን የሚያፈስበት ዕቃ ያኔ የሱቅ አቧራ ጠጪ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ለንደን እንሻገር። እዚያ አሜሪካኖቹ የረሱትን የጥቁሮች ብሉዝ እየቆፈሩ የሚያዳምጡ ወጣቶች ተነስተው ነበር። ከሮሊንግ ስቶንስ ኪዝ ሪቻርድስ በ1964 አንድ በርስት ይዞ መድረክ ላይ ታየ። ኤሪክ ክላፕተን ደግሞ ያገለገለ አንድ ገዝቶ በ1966 ከጆን ሜዮል ጋር አልበም ቀዳ። ክላፕተን ያደረገው ቀላል ነገር ነው። ያንን ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ የማርሻል ማጉያ ላይ ሰካና ድምፁን ስቱዲዮ ውስጥ መድረክ ላይ እንደሚከፍተው ከፈተው። ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ድምፁ ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ ኖታው ቶሎ አይሞትም። ያ ድምፅ የሮክ ድምፅ ሆነ። ጊታሩን የሠሩት ሰዎች ጥርት ያለ የጃዝ ድምፅ ነበር ያሰቡት። የክላፕተን ጊታር ግን በዚያው በ1966 ተሰረቀ።

አልበሙን የሰማ ወጣት ሁሉ ያንን ጊታር ፈለገ። ሱቅ ሄዶ ሲጠይቅ ግን ጊታሩ መሠራት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ አሮጌውን ማሳደድ ተጀመረ። ነገሩን ያባባሰው ሌላ ክስተት ደግሞ በጥር 1965 ሲቢኤስ የተባለው የብሮድካስት ድርጅት የፌንደርን ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር መግዛቱ ነው። ከሽያጩ በኋላ የጥራቱ ነገር እንደበፊቱ አይደለም የሚል ቅሬታ በተጫዋቾች ዘንድ ተዛመተ። እስከ ዛሬም የፌንደር ሰብሳቢዎች ዘመኑን «ከሲቢኤስ በፊት» እና «ከሲቢኤስ በኋላ» ብለው ይከፍሉታል፤ እኛ «በንጉሡ ጊዜ» እና «በደርግ ጊዜ» እንደምንለው።

ጊብሰን የገበያውን ጩኸት ሰምቶ በ1968 ሌስ ፖልን እንደገና መሥራት ጀመረ። ሰዎች ግን አዲሱን እያዩ አሮጌውን ፈለጉ። በ1970 ጆርጅ ግሩን የተባለ ሰው ናሽቪል ውስጥ የአሮጌ ጊታር ሱቅ ከፈተ። ሌሎችም ተከተሉት። የጋዜጣ ማስታወቂያ እየለቀሙ፣ ዕቃ ይዘው ብር የሚያበድሩ ሱቆችን እየዞሩ፣ የአሮጊቶችን አልጋ ሥር እየፈተሹ ገዙ። ኋላም የጃፓን ገዢዎች መጡ፣ ከዚያ ባለሀብቶች። በ250 ዶላር የተሸጠው በርስት ዋጋው በመቶ ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ሆነ።

እንግዲህ «ኦርጅናል ነው?» የሚለው ጥያቄ ሌላ ትርጉም የሚይዘው እዚህ ላይ ነው። ጊታሩ እውነተኛ የ1959 ጊብሰን መሆኑ ብቻ አይበቃም። ከፋብሪካው እንደወጣ መሆን አለበት። ቀለሙ የመጀመሪያው ነው? መቃኛዎቹስ? የሳጥኑ ሽፋን ቡናማ፣ ውስጡስ ሮዝ ነው? ባለሙያው የጀርባውን ክዳን ፈትቶ የድምፅ ማስተካከያው ላይ የተመታውን ቁጥር ያነባል። ለምሳሌ 134832 ቢል፣ 134 የአምራቹ መለያ ነው፣ 8 ዓመቱን 1958ን ይነግረዋል፣ 32 ደግሞ ከዓመቱ ሠላሳ ሁለተኛውን ሳምንት። ሽቦዎቹ የተበየዱበት ስታኞ ተነክቶ እንደሆነ ያያል። መብራት አጥፍቶ ባንክ ቤት ብር በሚፈተሽበት ዓይነት ሐምራዊ ብርሃን ያበራበታል፤ አሮጌው ቫርኒሽ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ሲያበራ አዲስ የተቀባው ቦታ ጠቁሮ ይጋለጣል።

ቅጣቱም ከባድ ነው። በገበያው የተለመደ ግምት አለ፤ እንደገና ቀለም የተቀባ ጊታር ዋጋው በግማሽ ይወርዳል። የቱንም ያህል አሳምሮ ቢቀባ ለውጥ የለውም። እንዲያውም የተላላጠው፣ የተሰነጣጠቀው፣ ሲጋራ ያቃጠለው ከተወለወለው ይበልጣል። ሰብሳቢዎቹ እንደ ጥሩ ጋዜጠኛ ያስባሉ ልበል? ዋናው ሰነድ ላይ አትጻፍ፣ አትሰርዝ፣ አታስተካክል።

እስካሁን ደህና ነው። አንድ ጥያቄ ግን አላስተኛ አለኝ። ማን ነው ጊታርን ስድሳ ዓመት ሳይነካ ያቆየው?

መልሱ፣ ያልተጫወተበት ሰው ነው። ጊታር የተገዛለት ልጅ ሦስት ወር ሞክሮ ሰለቸው። ሌላው ወታደር ቤት ገባ፤ ሌላዋ አገባች። ጊታሩ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ አልጋ ሥር ተኛ። ሲጫወቱበት የኖሩት ሰዎች ግን መሣሪያቸውን ነካክተውታል። ድምፁ እንዲጠራ ብለው የፒክአፑን የብረት ክዳን ነቅለው ጥለዋል። የፕላስቲኩ መቃኛ ሲሰባበር በሌላ ተክተዋል። የሌድ ዘፕሊን ጂሚ ፔጅ በ1969 የገዛው ሌስ ፖል አንገቱ ተፍቆ የቀጠነ ነው። በጥብቅ የሰብሳቢ ሚዛን ከሄድን፣ እነዚህን ጊታሮች ውድ ያደረጉት ሰዎች የያዟቸው ጊታሮች «ኦርጅናል» አልነበሩም። ገበያው ዋጋውን ያገኘው ከሚጮኹት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ዝም ላሉት ነው።

ነገሩ ሲከር ወደ ቂልነት ይሄዳል። በርስት በጣም ሲወደድ አንዳንዶች የ1950ዎቹን ወርቅማ ሌስ ፖሎች ቀለም እየገፈፉ በርስት አስመስለው ቀቡ። አንዱን ኦርጅናል ለመምሰል ሌላውን ኦርጅናል አጠፉ ማለት ነው። ከነጭራሹ ከባዶ እንጨት አስመስለው የሠሩም አሉ። በ1995 ደግሞ ፌንደር ራሱ አዲስ ጊታር ሠርቶ፣ ፋብሪካ ውስጥ ፍቆና ልጦ፣ ያረጀ አስመስሎ መሸጥ ጀመረ። ገዢውም አዲሱን በተፋቀው አበልጦ ይከፍላል። ከሆነ ቦታ የተቀደደ ጂንስ ገዝታችሁ የምታውቁ አትሳቁ፤ እኔም ገዝቻለሁ።

ሁለት ጊታሮች ግን ይህን ሁሉ ሕግ ይጥሳሉ። አንደኛዋ «ግሪኒ» ትባላለች፤ የ1959 ሌስ ፖል ናት። ባለቤቷ የነበረው ፍሊትውድ ማክን የመሠረተው ፒተር ግሪን ነው። አንዱ ፒክአፗ ማግኔቱ የተገለበጠ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ፒክአፖች አብረው ሲከፈቱ ድምፃቸው እርስ በርሱ ይጣላና አፍንጫ ውስጥ የሚያለቅስ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ይወጣል። በሌላ ጊታር ላይ ቢሆን ጠጋኝ ጋ የሚያስኬድ ስህተት ነው። ግሪን ግን በዚያ ስህተት አዜመበት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለወጣቱ ጋሪ ሙር ሸጠለት። ሙርም ለሠላሳ ዓመት በላይ ሲጫወትባት ኖሮ በ2006 ሸጣት፤ በ2014 የሜታሊካው ኪርክ ሃሜት ገዛት። እስከ ዛሬ ማግኔቱን ያስተካከለ የለም። ማን ይደፍራል?

ሁለተኛው የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር በ1970 ኒው ዮርክ የገዛው ጥቁር ፌንደር ስትራቶካስተር ነው። ጥቁሩ ቀለም ራሱ በሌላ ቀለም ላይ የተደረበ ነው። አንገቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀይሯል፤ ፒክአፑም እንደዚሁ። አካሉ ተቦርቡሮ ተመልሶ ተደፍኗል። በሰኔ 2019 ጊልሞር ጊታሮቹን ክሪስቲስ በተባለው አጫራች ቤት ለአካባቢ ጥበቃ ሥራ ገቢ እንዲሆኑ ሸጣቸው። ቁጥሩ 0001 የሆነው የ1954 ነጭ ስትራቶካስተር በዚያው ጨረታ በ1,815,000 ዶላር ተሸጠ። ያ የተቦረቦረው ጥቁር ጊታር ግን 3,975,000 ዶላር አወጣ። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ለምን? እያንዳንዱ ቡርቡር መቼና ለየትኛው ሥራ እንደተሠራ ስለሚታወቅ ነው። ታሪኩ አብሮት ስላለ ነው።

ይሄ የፈረንጅ ቅብጠት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛም አገር ደርሷል፤ የመጣው ግን በሸክላ በኩል ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 የመሠረተው አምሃ ሬከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዛሬ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ይታደናሉ፤ በተለይ የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ በ1997 መውጣት ከጀመረ ወዲህ። እነሱም የሚጠይቁት ያንኑ ነው፤ ኦርጅናል ነው? ሽፋኑ አለ? ተጭሯል? አዎ ተጭሯል፤ ተጨፍሮበታላ! ሽፋኑ ላይም የሆነ ሰው ስሙን በስክሪብቶ ጽፎበታል፤ ለልደት ግብዣ ሲያውሰው እንዳይጠፋበት። ለገዢው ጉድለት ነው። ለእኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሳሎን የወጣ ደብዳቤ ነው።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ።

አጎቴ በወጣትነታቸው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ፣ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወቱ ነበር። እኔ ያደግሁት ያንን ጊታር ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያየሁ ነው። ስመ ጥር አይደለም፤ ራሱ ላይ የነበረው ስም እንኳ ተላልጧል። አንዱ መቃኛ በቡሎን ተተክቷል። ጀርባው የቀበቶ ዘለበት የፋቀው ነው፤ ከፍቆቱ በላይ ደግሞ በስክሪብቶ የተሞነጫጨረ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አጎቴ ስልሳ ዓመት ሲሞላቸው የአጎትና የአክስት ልጆች ብር አዋጣንና «ሰርፕራይዝ!» ለማለት ጊታሩን በድብቅ አውርደን መኪና ቀለም ቀቢ ጋ ወሰድነው። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሠራተኛው ሥራውን ያውቃል። በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፣ ስቱኮ መታው፣ ቀይ ረጨው። መስታወት አስመሰለው።

አጎቴ ሲሰጣቸው በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር መገልበጥ ነው። ጀርባውን አዩት። ትንሽ ዝም አሉና «ቆንጆ አድርጋችሁታል፣ እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ» ብለው መልሰው ሰቀሉት። እኔም ኬክ መቁረስ ጀመርኩ። በስክሪብቶ የተጻፈው የኪነት ጓደኞቻቸው ስም መሆኑን የሰማሁት ከወራት በኋላ ከባለቤታቸው ነው። ዘጠኝ ናቸው። ከመሐላቸው ዘምተው ያልተመለሱ አሉ።

በርስትና ሐምራዊ ብርሃን፣ ስታኞና የተገለበጠ ማግኔት፣ ይህን ሁሉ ሳነብ የከረምኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለማወቅ ጓጉቼ አይደለም፤ ምን እንዳጠፋሁ የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ነው። ሰብሳቢዎቹ ነገሩኝ። አሮጌ ነገር ላይ ያለው እድፍ ሁሉ እድፍ አይደለም አሉኝ። እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪዋ፣ ጊታሩ ምን ብራንድ እንደሆነ እንጂ ጀርባው ላይ ምን እንደተጻፈ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ባለፈው በዓል ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እነዚያን ስሞች ያስታውሷቸዋል?» አልኳቸው። ፈገግ አሉና አንድ በአንድ ጠሩልኝ። ማን ማሲንቆ እንደሚመታ፣ ማን ግጥም እንደሚጽፍ፣ ማን ልምምድ እየቀረ እንደሚያስቸግር ጭምር። ስምንት ደረሱና ቆሙ። ዘጠነኛው ስም አልመጣላቸውም። «ከርቀት መልኩ ይታየኛል... ሲጻፍ ረጅም ስም ነበር። እዚያ ላይ ባየው ኖሮ...» አሉና ሳይጨርሱት ወደ ቡና ስኒያቸው ተመለሱ። ቅር ብሏቸው እንኳ አይደለም የተናገሩት። እሱ ነው የባሰብኝ።

ስምንቱን ስም በወረቀት ጻፍኩ፤ ዘጠነኛውን መስመር ባዶ ተውኩት። የጊታሩን የጀርባ ክዳን በብሎን መፍቻ ፈታሁና ወረቀቱን አጥፌ ውስጡ ከሽቦዎቹ አጠገብ አስቀመጥኩት። አጎቴ ስሙ ከመጣላቸው እንዲደውሉልኝ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሌሊትም ቢሆን።

እናንተ ቤትም ጊታር ይሁን ክራር፣ ሬዲዮ ይሁን የሸክላ ማጫወቻ፣ አንድ ያረጀ ነገር አይጠፋም። ልታሳምሩት አስባችሁ ከሆነ ቀቢው ጋ ከመውሰዳችሁ በፊት ገልብጡት፣ ጀርባውን አንብቡ፣ ፎቶ አንሱት። ባለቤቱ በሕይወት ካለ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ በሉና ጠይቁት።